የሚስተር ሬይ ቀለህ መሙያ

እትዬ ማንያህልሻል ቀኝ ክንዳቸውን በነጠላቸው ከጎናቸው ጋር ጥፍር አድርገው አሰሩ። ቋጠሮውን በጥርሳቸው አጠበቁና በግራ እጃቸው የማሽኑን እጀታ ጨበጡ። መደብሩ ውስጥ የነበሩት ሁለት አዳኞች ወሬያቸውን አቋርጠው ዞሩ። ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ጢማም ሻጭ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«እማዬ፣ ፕሊስ! ሰው እያየን ነው» አለች ልጃቸው ቤተልሔም በሹክሹክታ።

«ይየን። የሰው ዓይን አያቆስልም። ይልቅ ያችን ባዶ ቀለህ አቀብዪኝ። አይ፣ ተዪው! ሬይን ማን ያቀብለዋል? ራሴ አነሣለሁ።»

«ማም፣ ላግዝዎት?» አለ ሻጩ በእንግሊዝኛ።

«ኖ ሄልፕ!» አሉት። ከሰላሳ ዓመት የአሜሪካ ኑሮ ያተረፉት እንግሊዝኛ ይህንኑ የመሰለ ነው፤ አጭር፣ ግን የሚሰማ።

አጠገባቸው የቆመው ግርማቸው ሰዓቱን አየ። ግርማቸው ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ የስልክ ሱቅ ያለው፣ ዌስተርቪል ትልቅ ቤት የገዛ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ስብሰባ ይወዳል። ስብሰባ በሌለበት ቀን ፊቱ ይገረጣል።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ትልቁን ማሽን እንግዛና እንሂድ። ሰው ያዋጣው ለትልቅ ነገር ነው።»

«ሰው ያዋጣው ለሬይ ነው» አሉ እትዬ ማንያህልሻል፣ ከእጀታው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

ሚስተር ሬይ ሂልቶፕ በሚባለው ሰፈር ከእሳቸው ጋር በአንድ አጥር የሚዋሰን ጎረቤታቸው ነው። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱን ከቀበረ አሥር ዓመት አልፎታል፤ ልጅ የለውም። ወሬ አያበዛም። የሚያበዛው ሥራ ነው። በረዶ በጣለ ቁጥር ፒክአፑ ላይ መግፊያውን አስሮ መጀመሪያ የእሳቸውን ደጅ፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑን ፓርኪንግ ይጠርግ ነበር። የለመነው ሰው የለም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ የገናም የጥምቀትም ዕለት፣ ካህናቱ ሳይደርሱ ጠርጎ ይሄዳል። ግማሹ ምእመን ከተማው የሚያስጠርገው ይመስለው ነበር። እትዬ ማንያህልሻል ይህን ሲሰሙ «ከተማው ሬይ ይባላል፤ ጎረቤቴ ነው» እያሉ ስንቱን አሳፍረዋል።

በኅዳር መጨረሻ የአጋዘን አደን ሳምንት ሲከፈት ደግሞ ሬይ ከባለቤታቸው ከፍቅረማርያም ጋር ይወጣ ነበር። ሬይ ይተኩሳል፤ ፍቅረማርያም ቢላዋውን ይዞ ይሮጥና የአጋዘኗ ነፍስ ሳትወጣ ደርሶ በስመ አብ ብሎ ይባርካል። ሥጋውን እኩል ይካፈላሉ። ጊዜው የነቢያት ጾም ስለሆነ የእነእትዬ ድርሻ እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ይከርማል። ሬይ መጀመሪያ ሰሞን ይህ ነገር አልገባውም። «ገድሎ አለመብላት ምን ዓይነት አደን ነው?» ብሎ ሳቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን የራሱንም ድርሻ እስከ ገና ማቆየት ጀመረ። አብሮ ለመብላት ነው።

ፍቅረማርያም ባለፈው ጥር ሞተ። ኮሮና ነው የወሰደው። በነሐሴ ደግሞ ሬይን ስትሮክ ጣለው፤ ነፍሱ ተረፈች፣ ቀኝ እጁ ግን አልታዘዝ አለው። ሐኪሙ ተቀምጦ፣ ጠመንጃውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አድርጎ በግራው መተኮስ እንደሚችል ነግሮታል። የወንድሙ ልጅ መሬትም መኪናም አዘጋጅቶ እየጠበቀው ነው። የጠፋው ጥይት ነው። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ ሕዝቡ የሽንት ቤት ወረቀት እንደተሻማ ጥይትም ተሻምቷል። የሬይ ጠመንጃ የምትጎርሰው ወፍራም ጥይት ድሮም በየመደብሩ የምትገኝ አይደለችም፤ ዘንድሮ ጭራሽ ጠፋች።

ባዶ ቀለህ ግን ሞልቶታል። ዕድሜ ልኩን የተኮሰባቸውን በቡና ጣሳ አጠራቅሟል። ባሩዱን፣ እርሳሱን፣ ከቀለሁ ቂጥ ተሰክታ እሳት የምትጭረውን ፕራይመር የሚሏትን ቆብ፣ ሁሉንም ጡረታ ሲወጣ ገዝቶ አስቀምጧል። ያልገዛው እነዚህን ከቀለሁ ጋር የሚያጋጥምለትን ፕሬስ የሚባለውን ማሽን ብቻ ነው። ነገ፣ ነገ ሲል ስትሮኩ ቀደመው።

ከሦስት ሳምንት በፊት በአጥሩ ላይ ተደግፎ «ፒክአፑን ልሸጠው ነው» አላቸው። «ዘንድሮ ካልወጣሁ ከእንግዲህ አልወጣም። ራሴን አውቀዋለሁ።» ከዚያ ቀን ወዲህ የሳሎኑ መጋረጃ አልተከፈተም። እትዬ ማንያህልሻል ሁለት ቀን አዩት። በሦስተኛው ቀን የኮሚቴው ስብሰባ ላይ ሳይጠሩ ገቡ።

ኮሚቴው ለሬይ ምስጋና መዋጮ ሰብስቦ ጨርሶ ነበር። ግርማቸው ያሰበው ጋቢና በመስታወት የተገጠመ የምስክር ወረቀት ነው።

«ጋቢውን በአንድ እጁ እንዴት አድርጎ ይደርበዋል?» አሉ እትዬ ማንያህልሻል። «ወረቀቱንስ በየትኛው እጁ ይሰቅለዋል? ሰውየው ጥይት መሙያ ነው የቸገረው።»

«እትዬ፣ ቤተ ክርስቲያን የጥይት ማሽን ገዛች ሲባል ያምራል?»

«ቤተ ክርስቲያን ምን አግብቷት? እኛ ነን የምንገዛው። አሥራ ሰባት ክረምት ጫማህ ሳይርስ ቅዳሴ የገባኸው አንተ አይደለህም እንዴ? እኔ የምልህ፣ ሰውየው እየሞተ ነው፤ አንተ ፍሬም ትመርጣለህ።»

ኮሚቴው ሳቀ። ግርማቸው አልሳቀም፤ ግን ተሸነፈ። ከተሸነፈ በኋላ ደግሞ እልህ ያዘውና ማሽኑ ከተገዛ አይቀር ከሁሉ ትልቁ መሆን አለበት አለ። ስንት ቤተሰብ አዋጥቶ ትንሽ ዕቃ ይዞ መሄድ ነውር ነው፤ ሰው ምን ይላል? ይህን ሲል ሁሉም ልክ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እትዬ ማንያህልሻልም ያን ዕለት አልተቃወሙም፤ እሳቸውም ትልቅ ነገር ይዞ መሄድ ደስ ይላቸዋል።

እንግዲህ ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ብሮድ ስትሪት ዳር ባለው የአዳኞች መደብር የቆሙት ለዚህ ነው። ባንኮኒው ላይ ሦስት ፕሬስ አለ። ትልቁ አምስት ቀዳዳ ያለው ነው፤ እጀታው አንዴ ሲሳብ አምስት ቀለህ ላይ አምስት ሥራ አብሮ ይሠራል። ትንሹ አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው ነው፤ ለእያንዳንዱ ሥራ ከላይ ያለውን ብረት ፈትቶ ሌላ መግጠም ይጠይቃል። መካከለኛው ደግሞ ራሱ ላይ አራት ብረት ተገጥሞለታል፤ ቀለሁ ባለበት ቆሞ እጀታው በተሳበ ቁጥር የማሽኑ ራስ ቀጭ እያለ ይዞራል።

«ይሄኛው በሰዓት አምስት መቶ ጥይት ያወጣል» አለ ሻጩ ትልቁን እየነካ። ቤተልሔም ተረጎመችላቸው።

«አምስት መቶ? ሬይ የሚፈልገው አንድ አጋዘን ነው ወይስ ከጎረቤታችን ከኢንዲያና ጋር ሊዋጋ ነው?»

ቤተልሔም ይህንን አልተረጎመችም።

እትዬ ማንያህልሻል ፊደል አልቆጠሩም፤ ቀለህ ግን ቆጥረዋል። አባታቸው አርማጭሆ ውስጥ በቀለህ ሙያተኛነታቸው የሚታወቁ ሰው ነበሩ፤ የሩቅ አገር ሰው በከረጢት ባዶ ቀለህ ይዞ ይመጣላቸዋል። ልጅ ማንያህልሻል ቀለሁን በአመድ ታጥብ፣ በፀሐይ ታሰጣ ነበር። አባቷ ባሩዱን ከጨመሩ በኋላ እርሳሱን ከመድፈናቸው በፊት ቀለሁን ወደ ብርሃን ያዘነብሉና በአንድ ዓይናቸው ውስጡን ያያሉ። አንድም ቀን ሳያዩ ደፍነው አያውቁም። ያላየው አጎቷ ነው። እየተጫወተ ሲሠራ አንዱ ቀለህ ውስጥ ሁለቴ ጨመረ፤ ጠመንጃው ፊቱ ላይ ፈነዳ። ከዚያ ወዲህ አጎቷ የሚያየው በአንድ ዓይኑ ነበር።

አሁንም በግራ እጃቸው ባዶ ቀለህ አንሥተው ትልቁ ማሽን ላይ አኖሩ። እጁን መልሰው እጀታውን ሳቡ። ቀለሁ የቆመበት ሳህን ዞረ። ሁለተኛ ቀለህ ለመጨመር እጀታውን ለቀቁ፤ ያኔ የፊተኛው ወደማይታይበት ወደ ኋላ ሄዷል። ጎንበስ ብለው ውስጡን ለማየት ሞከሩ። ብረቱ ጋረዳቸው።

«ይሄ ሁለት እጅ ላለው፣ ለዚያውም ለሚቸኩል ሰው ነው የተሠራው» አሉ። «ውስጡ ምን እንዳለ እግዜር ብቻ ነው የሚያየው።»

ወደ ትንሹ ሄዱ። ይህንን ወደዱት፤ የአባታቸውን ዕቃ ይመስላል። ከላይ ያለውን ብረት ለመፍታት በግራ እጃቸው ሲያዞሩት ግን ማጥበቂያው ቀለበት አብሮ ዞረ። ቀለበቱን ሲይዙ ብረቱ ቆመ፤ ብረቱን ሲይዙ ቀለበቱ ላላ። የታሰረው ቀኝ እጃቸው ነጠላው ውስጥ ሳያስቡት ተወራጨ።

«አየሽ?» አሉ ለቤተልሔም። «እጄ ራሱ ልርዳሽ እያለኝ ነው። የሬይ ግን አይመጣለትም። እኔ እወደዋለሁ እንጂ ለእሱ አይሆነውም።»

መካከለኛው ላይ ቀለሁን አኖሩ። እጀታውን ሳቡ፤ መለሱ፤ የማሽኑ ራስ ቀጭ ብሎ ዞረ። አቁመው፣ ጎንበስ ብለው የቀለሁን ውስጥ አዩ። ወለል ብሎ ይታያል። ሳቡ፤ ዞረ። ባንኮኒው ላይ ከነበሩት አንድ የጥይት እርሳስ አንሥተው የቀለሁ አፍ ላይ በጣታቸው አቆሙት፤ ማሽኑ አፉን ሰፋ አድርጎታልና ሳይደግፉት ቆመ። እጀታውን በዚያው እጅ ሳቡት። እርሳሱ ቁጭ አለ። ከጀመሩ እስከጨረሱ ቀኝ እጃቸው ነጠላው ውስጥ ዝም ብሎ ነበር።

«ይሄ ነው» አሉ።

«እጀታው በቀኝ በኩል ነው እኮ፣ እትዬ» አለ ግርማቸው።

ሻጩ ነገሩ ገባውና ሳይጠየቅ መፍቻ አምጥቶ እጀታውን ወደ ግራ አዛወረው። «አባቴም ስትሮክ ነበረበት» አለ ለቤተልሔም። «አንድም ቀን እጄን አስሬ አልሞከርኩለትም።» ከዚያ ፊቱን አጨማደደ። «ግን ይሄ ለማሳያ የተቀመጠ ነው። ሳጥን ውስጥ ያለው ትልቁ ብቻ ነው። መካከለኛው ከሰኔ ጀምሮ ከፋብሪካ አልመጣም።»

«ምንድን ነው የሚለው?» አሉ እትዬ ማንያህልሻል።

«ለማሳያ ነው፣ አይሸጥም ነው የሚለው።»

«ከዚህ የበለጠ ምን ሊያሳይበት ነው? እኔ አሳየሁለት አይደለም? ንገሪው።»

ቤተልሔም ዞር ብላ በእንግሊዝኛዋ ምን እንዳለችው እናቷ አላወቁም፤ ስለ በረዶውና ስለ ፓርኪንጉ ይመስላል፤ ረጅም ነበር። ሻጩ ወደ ጓዳ ሄዶ ከአለቃው ጋር ተነጋገረ። ተመልሶ መጥቶ ፕሬሱን ከባንኮኒው ላይ መፍታት ጀመረ። ብሎኖቹን በትንሽ ከረጢት አደረገላቸው።

«ንገሪው» አሉ እትዬ ማንያህልሻል ነጠላቸውን እየፈቱ። «እናቱ ትባረክ በዪው። ጢሙንም ይከርክመው፤ መልክ አለው።»

ሻጩ የመጨረሻው ሲተረጎምለት ቀላ።

መኪና ውስጥ እትዬ ማንያህልሻል ፕሬሱን ጭናቸው ላይ አድርገው ከፊት ተቀመጡ። ግርማቸው ከኋላ ሆኖ የሚያደርገውን ንግግር ከስልኩ ላይ ያጠናል። ትልቅ ሳጥን ስላልተገዛ ቅር ብሎታል።

«ሰው ያየዋል እኮ፣ እትዬ። ይህን ሁሉ ሆነን ይህችን...»

«ግርማቸው፣ ባለፈው ጥር የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ሁላችንም ቤታችን ነበርን። ኮሮና ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። አልቀየምኩህም። ስልክ ደውለሃል፤ አልቅሰሃልም፤ ሰምቼሃለሁ። ሬይ ግን የት እንደነበር ታውቃለህ?»

ግርማቸው አያውቅም ነበር። ቤተልሔም መሪውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ፍቅረማርያም ሲሞት ለቅሶ መቀመጥ አልተቻለም። ቀብሩ ላይ የቆመው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ድንኳን የለ፣ ጎረቤት የለ፣ እናትና ልጅ ቤት ዘግተው ተቀመጡ። በማግስቱ ጠዋት እትዬ ማንያህልሻል መጋረጃውን ገለጥ ቢያደርጉ ሬይ ተጣጣፊ ወንበሩን በረዶው መሃል፣ የእግረኛው መንገድ ላይ ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ በራቸው መልሶ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ብርዱ ያቃጥላል። ቤተልሔም ወጥታ ግባ ብትለው ራሱን ነቀነቀ፤ በሽታው ስላለ አይገባም። ወደ ቤቱም አልሄደም። ከዓመታት በፊት የእትዬ ወንድም ሲሞት ግቢያቸው ውስጥ ሰው ሦስት ቀን ተደርድሮ ሲቀመጥ አይቶ ነበር። የሚባለውን አያውቅም፤ የሚደረገውን ግን አይቷል። ሁለተኛውንም ቀን ተቀመጠ። ሦስተኛውንም። በሦስተኛው ቀን ሲመሽ ወንበሩን አጠፈ፣ ኮፍያውን አጠለቀ፣ ወደ ቤቱ ገባ።

እትዬ ማንያህልሻል ይህንን ሲጨርሱ ድምፃቸው አልተለወጠም። የሚለወጥ ድምፅ የላቸውም።

«እኔ ለዚህ ሰው ትልቅ ሳጥን አልወስድለትም» አሉ። «የሚሆነውን ነው የምወስድለት።»

ግርማቸው ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተ።

ቤተልሔም መኪናውን መንገድ ዳር አቆመች። የቤታቸው ጋራዥ ከጥር ጀምሮ ተቆልፏል፤ ቁልፉ በእናቷ አንገት ላይ ነው። ክረምቱን ሙሉ ከመኪናዋ መስታወት በረዶ ስትፍቅ ከርማ አንዴ «እማዬ፣ መኪናዬን ላስገባ?» ብላ ጠይቃ ነበር። የተሰጣት መልስ ሁለተኛ እንድትጠይቅ አላደረጋትም።

ሬይ በሩን ለመክፈት ጊዜ ወሰደበት። ጢሙን አልተላጨም። በግራው ከዘራ ይዟል፤ ቀኝ እጁ በጎኑ ተንጠልጥሏል። ግርማቸው ጉሮሮውን ጠረገ፤ እትዬ ማንያህልሻል ግን በአጠገቡ አልፈው ገቡና ፕሬሱን ሳሎን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ለአንተ» አሉ። «ሬይ። ዲር።» አጋዘኑን ማለታቸው ነው።

ሬይ ቆሞ አየው። ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ከዘራውን አስደገፈና ግራ እጁን እጀታው ላይ አኖረ። እጀታው እዚያው፣ በግራ በኩል ነበር። ቀና ብሎ ቤተልሔምን አየ።

«ማን ነው የመረጠው?»

«እሷ ናት። ቀኝ እጇን በነጠላዋ አስራ ሦስቱንም ሞከረቻቸው። መደብሩ በሙሉ እያየን ነበር። በሀፍረት ልሞት ነበር።»

እትዬ ማንያህልሻል ፕሬሱን እንዳይንሸራተት በሁለት እጃቸው ጨበጡት፤ ሬይ ሳበ። የማሽኑ ራስ ቀጭ ብሎ ዞረ። ደግሞ ሳበ። ቀጭ። የፊቱ ግማሽ ፈገግ አለ፤ ግማሹ ከነሐሴ ወዲህ አይታዘዝም። ሁለቱም ዓይኖቹ ግን እርጥብ ነበሩ።

«ፊክሬ ቢያየው ይወደው ነበር» አለ። ፍቅረማርያምን ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚጠራው።

«ይወደዋል» አሉ እትዬ ማንያህልሻል። መርጠው ስላገኙ ደረታቸው ተነፍቷል። «ግርማቸው ትልቁን ግዙ ብሎ ነበር። ሰምቼው ቢሆን ዛሬ ምን ይውጠን ነበር?»

«በቃ፣ አሸነፉ፣ እትዬ» አለ ግርማቸው እየሳቀ። «አሁን የት እንግጠመው? ብሎኑ አለ፤ መሰርሰሪያም ጠዋት ደጅዎ ባቆምኩት መኪናዬ ውስጥ አለ።»

ሬይ በአገጩ ወደ ማድቤቱ ጠቆመ። «ቤዝመንት ውስጥ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ አለኝ...» አለ።

አራቱም የቤዝመንቱን በር አዩት። ከበሩ ጀርባ ወደ ምድር ቤቱ የሚወርዱ አሥራ ሦስት ገደል የመሰሉ ደረጃዎች አሉ። ሬይ ከነሐሴ ወዲህ አንዱንም አልረገጠም።

«የማድቤት ጠረጴዛውስ?» አለች ቤተልሔም።

«መስታወት ነው። ፕሬስ ሲሳብ ጠረጴዛው መነቃነቅ የለበትም።» ሬይ እጁን ከእጀታው ላይ አነሣ። «ምንም አይደለም። እዚሁ ይቀመጥ። በጣም፣ በጣም አመሰግናችኋለሁ። ሁላችሁንም። ፀደይ ላይ ሲሻለኝ...»

የፊቱ ግማሽ ተመልሶ ተዘጋ። ልክ እንደ መጋረጃው።

እትዬ ማንያህልሻል ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። «እኔ ደንቆሮ! እጁን አሰብኩ፤ እግሩን ረሳሁ። በየቀኑ በአጥር የማየውን ሰው!»

«እማዬ...»

«ዝም በይ። ደንቆሮን ደንቆሮ ነው የሚሉት።»

«ሲሪየስሊ፣ መፍትሔ አለው» አለ ግርማቸው። «ጠንካራ ጠረጴዛ እናሠራለታለን። የሚቀጥለው ሳምንት ኮሚቴው ተሰብስቦ...»

«ኮሚቴው እስኪሰበሰብ አጋዘኖቹ ያረጃሉ!»

ብለው ወጡ። በሩን አልዘጉትም። ቤተልሔም ተከትላቸው ስትወጣ እናቷ ሣሩን አቋርጠው ወደ ራሳቸው ግቢ ገብተዋል፤ ጋራዡ በር ላይ ቆመው ከአንገታቸው ክር ያወጣሉ። ቁልፉ መጀመሪያ እምቢ አለ። በሁለተኛው እሺ አለ።

ውስጡ የብረትና የዘይት ሽታ አለው። ግድግዳውን ይዞ የፍቅረማርያም መሥሪያ ጠረጴዛ ቆሟል፤ እግሩ እንደ በሬ እግር የወፈረ፣ ከቆሻሻ ክምር አንሥቶ ራሱ ያደሰው። ላዩ ላይ አንድ የተከፈተ ሬዲዮ አለ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፤ ከአጠገቡ መፍቻው፣ ከመፍቻው አጠገብ መነጽሩ። ፍቅረማርያም «ሳል ይዞኛል፣ ነገ እጨርሰዋለሁ» ብሎ እንደተነሣ ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ ከአቧራ በቀር የነካው የለም።

ቤተልሔም ደፍ ላይ ቆማ ቀረች። «እማዬ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

እትዬ ማንያህልሻል ነጠላቸውን አወለቁ፤ ጠዋት ክንዳቸውን ያሰሩበትን ያንኑ። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ዘረጉት። ሬዲዮውን ከነሽቦው በሁለት እጃቸው አንሥተው መሃሉ ላይ አኖሩት፤ የወደቀች ብሎን አጎንብሰው ለቅመው ጨመሩ፤ እንደ ሕፃን ጠቀለሉት። መነጽሩን በቀሚሳቸው ጠርዝ ጠረጉና ኪሳቸው ከተቱት።

«ይህን ወደ ቤት አስገቢው» አሉ ጥቅሉን ለልጃቸው እየሰጡ። «ቁምሳጥኔ ውስጥ። እንዳትጥዪው።»

ወደ ውጭ ሲመለከቱ ሬይ በከዘራው እያነከሰ ድራይቭዌዩን፣ የመኪና መግቢያውን፣ ይዞ ይመጣል። መንገዱ ደልዳላ ነው፤ አንድም ደረጃ የለበትም። ከኋላው ግርማቸው ፕሬሱን በአንድ ብብቱ፣ ያችን ተጣጣፊ ወንበር በሌላው ታቅፎ ይከተላል።

ሬይ ጋራዡ ደፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ኮፍያውን ለማውለቅ ከዘራውን መልቀቅ ነበረበት፤ ግድግዳው ላይ አስደግፎት አወለቀ። ጠረጴዛውን አየ። ባዶ መሆኑን አየ። እዚህ ጠረጴዛ አጠገብ ስንት ቅዳሜ እንደቆመ እሱ ነው የሚያውቀው።

«ማንያ» አለ። ስማቸውን ጨርሶ መጥራት ችሎ አያውቅም፤ ዛሬ ግን ያቆመው የስሙ ርዝመት አልነበረም። «አያስፈልግም እኮ።»

«ሲት» አሉት።

ግርማቸው ወንበሩን ዘረጋለት። ሬይ ተቀመጠ። ግርማቸው ፕሬሱን ጠረጴዛው መሃል ላይ አኖረና መሰርሰሪያውን ከመኪናው አመጣ፤ ጫፉን እንጨቱ ላይ ካሳረፈ በኋላ ቆም አለ።

«እትዬ፣ ከተበሳ በኋላ አይመለስም። ልብዎ ቆርጧል? እዚህ መሃሉ ላይ ልብሳው?»

እትዬ ማንያህልሻል ጥግ ላይ የነበረውን የፍቅረማርያምን በርጩማ በእግራቸው እየገፉ አመጡት። ከሬይ ወንበር በስተቀኝ አስጠጉትና ቁጭ አሉ።

«ወደ ግራ ሳበው» አሉ። «በግራው ነው የሚሠራው። በዚህ በኩል እኔ አለሁ።»